በእጅ የተሰጠኝ ወረቀት

የመምህር ይመርን ማረፍ የሰማሁት ጋምቤላ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እቅፍ የበሽተኛ ካርድ ደረቴ ላይ ታቅፌ ቆሜ ሳለሁ ነው። ገና ረፋዱ ነበር፤ የዚህ አገር ሙቀት ግን ሰዓት ጠብቆ አይመጣም፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከጧቱ ጀምሮ ይንጣጣል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የድሮ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ነው፤ አራጋው የሚባል የክፍላችን ልጅ፣ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ጎልማሳ፣ ድምፅ ልኳል። እጄ ሙሉ ስለነበር በትንሿ ጣቴ ነካሁት።

«ስሙኝማ ወገኖቼ፣ መምህራችን ሌሊቱን ዐርፈዋል። ነፍስ ይማር በሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲታመሙ አንድ ነገር ብቻ ነው ሲያስጨንቃቸው የነበረ፤ ዘይነባን ጥሩልኝ፣ አፉ ትበለኝ ይሉ ነበር። እሷም እሑድ ለት ሄዳ ግንባራቸውን ስማ፣ አፉ ብያለሁ መምህር፣ በዱንያም በአኼራም አልይዝብዎትም አለቻቸው። ኧረ ያላለቀሰ የለም። እሳቸው እኮ ረስተው ነው እንጂ ክፋት ኖሯቸው አይደለም።»

ድምፁ ሐይቅ ሐይቅ ይላል፤ ያ ቃሉን ወደ መጨረሻው አንሥቶ የሚያንጠለጥለው የወሎ ዜማ ሳይለወጥ ይኸው አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ዜማ ለመስማት ብቻ ደግሜ እከፍተው ነበር። በመስኮቱ በኩል አንዲት አሮጊት «ሲስተር፣ ካርዴ?» አሉኝ። ነርስ አይደለሁም፣ ካርድ ክፍል የተቀመጠች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። ስማቸውን በልቤ አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ፣ ከዚያ ጠራሁ። ይህን ልማዴን ባልደረቦቼ «አንቺ ስም ለመጥራትም ጸሎት ታደርሻለሽ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ከየት እንደመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

መምህር ይመር አልረሱም ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም አልተናገርኩም።

ትምህርት ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል በኩል ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ተረተር ላይ የተቀመጠ፣ ግድግዳው ጭቃ መሬቱ አፈር የሆነ ባለ ስድስት ክፍል ነበር። ከሜዳው ቆመን ወደ ታች ሐይቁን እናያለን፤ ወደ ላይ የአምባሰል ገደል ተደርድሮ ያየናል። በክረምት መውጫ ላይ ጉሙ ከውሃው ተነሥቶ ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣና ሰንደቅ ዓላማው ሥር ይደርሳል፣ ያኔ ከፊት የተሰለፉት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ከነጭራሹ ይጠፉና ከጉሙ ውስጥ የሚያስነጥስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከወዲያ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ይመጣል፣ ከታች ከመንደሩ አዛን ይመጣል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ሲገጣጠሙ መምህር ይመር ኮፍያቸውን አውልቀው «ሁለቱም ይቅደሙን» ይሉና ዝም እንላለን።

አርብ አርብ ከመዝሙር በኋላ ዜና ይነበባል። ሚኒ ሚዲያ ይባል የነበረው እኔና አንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ ነበርን። የማጉያው የባትሪ ድንጋይ አዲስ የሚገዛለት በዓመት አንዴ ስለነበር ጥበቃው ከዋዜማው ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሙቀቱ የሚያቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ እኔም ዜናውን ስጀምር ልጃገረድ፣ ስጨርስ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ እሆን ነበር። የማነበው ዛሬ ዜና ከሚባለው ጋር አይመሳሰልም። የጥበቃው ፍየል የአፍሪካን ካርታ ከነማዳጋስካሩ መብላቷ፣ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ የጠፋበት ሰው መኖሩ፣ የከብት ክትባት ሰኞ መሆኑ፣ ሦስተኛ ክፍሎች ሁለተኛ ክፍሎችን በጨርቅ ኳስ አሸንፈው ማኩረፋቸውን እንዳላቆሙ። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሸክማቸውን አውርደው ያዳምጣሉ፤ እኛም ማታ ለየቤታችን እናደርሳለን። ቅሬውም በዚሁ ነበር የሚጠቀም። እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ላይ የሚቀባበርበት፣ በአንድ ላይ የሚያስተዛዝንበት ቅሬ አንድ ነገር ለመንደሩ ማስተላለፍ ሲሻ ዳኛው ወረቀት ለትምህርት ቤት ይልካሉ።

የመምህር ይመር አሠራር የታወቀ ነበር። የሚነበበውን በዜና ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉና ከሥሩ ይፈርማሉ። የማይነበበውን ደግሞ ለብቻው፣ በእጅ ይሰጣሉ፤ በእጅ የተሰጠ ነገር ለድምፅ ማጉያ አይደለም። ይህን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ከሰንበት ትምህርት የማልቀር፣ ረቡዕና አርብ ጥሬ እንኳ ከመቅመሴ በፊት ሰዓት የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ፣ ተማሪው ሁሉ «ቄሲት» ይለኛል። ውሸት አትናገርም ተብዬ የተሰበረ መስኮት ሲገኝ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ። ይህ ስም ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላም ኩራት ነበረችብኝ። መጀመሪያ ዜናውን ሐሙስ ማታ ለታናናሾቼ እያነበብኩ እለማመድ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ስገባ ግን መለማመድ የሰነፍ ነው አልኩ። ደብተሩን ሰልፉ ፊት ከፍቼ፣ ያላየሁትን ጽሑፍ እንደ ውሃ ማውረድ ጀመርኩ፣ መምህራኑም እርስ በርስ ሲተያዩ አያለሁ።

ዘይነባ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበረች። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሷ ከአክስቷ ከሰዓዳ ጋር ታድጋለች። ሳቂታ፣ አፏ ስለት፣ «አንቺ ቄሲት፣ አንቺ ስትጾሚ ፊትሽም አብሮ ይጾማል እንዴ? እሱን እንኳ አስፈስኪው!» የምትለኝ እሷ ነች። በረመዳን እኔ ጥሬዬን ተደብቄ እበላላታለሁ፣ በሁዳዴ እሷ ወተት እንደጠጣች አትነግረኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን የዘይነባ እናት በዚያው በሰው አገር ሞተች የሚል ወሬ ደሴ ደረሰ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ እኛ መንደር ወጣ። መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም፣ በአንድ አፍ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በንጋት፣ የሚይዝ እጅ በዙሪያዋ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። የእናቷ ወንድም ሁመራ ነበርና እሱ እስኪደርስ ይጠበቅ ተባለ። ዘጠኝ ቀን ተጠበቀ።

ያን ዘጠኝ ቀን፣ ያኔ አብራችሁኝ የተማራችሁ፣ ስንቶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ? ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። አንደኛ ክፍል እንኳ ያውቅ ነበር። ምሥጢር ለአንድ ደቂቃ እንኳ የማያድርበት ልጅ ሁሉ፣ ዝም አለ። ጠጠር ስንጫወት እያወቅን እንሸነፍላታለን። ሹሩባዋን ይጎትት የነበረው አራጋው እጁን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። እሷ ግን ሞኝ አልነበረችም። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ «ምነው ሰሞኑን እንደ ሙሽራ ታስተናግዱኝ ጀመር? ልትድሩኝ ነው?» ብላ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ያ ሳቅ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

በሰባተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፊልኝ አለችኝ። ለእናቷ። ጅዳ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል፣ የእኔ ጽሕፈት ደግሞ ያምራል። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለግሁ፣ አጣሁ። «ለማፈቅርሽ እናቴ» ብዬ ጀመርኩ፣ የአክስቷን ጤንነት ጻፍኩ፣ የዝናቡን ሁኔታ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አቆመችና «በዙሪያው ለኪኝ፣ ቁጥሬ መጨመሩን አታውቅም፤ አምና የላከችው ጠቦኛል» አለች። ተንበርክኬ እስክሪብቶውን በተረከዟ ዙሪያ አዞርኩ፣ በጣቶቿ መሃል ገባሁ። ትንሿ ጣቷ ስትነካ ኮርኩሯት ትንቀሳቀሳለች፣ «ዝም በይ፣ ይጣመማል» እላታለሁ። ወረቀቱ ላይ የቀረው እግር ጠማማ ሆነ። አልደግመውም አልኳት።

ከዚያ አርብ መጣ። አጎቷ ያን ማታ ይገባል፣ መርዶው ቅዳሜ ንጋት ነው። ጧት የዜና ደብተሩን ልወስድ ቢሮ ስሄድ መምህር ይመር በር ላይ ነበሩ፤ ጣታቸው ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል፣ ከቅሬው ዳኛ የመጣች። ደብተሩን ሰጡኝ፣ ወረቀቷን ለብቻ በእጄ ላይ አኖሩና ጣቶቼን በራሳቸው እጅ አጠፏቸው።

«ልጄ፣ ይቺ አትነበብም። ለክፍል አለቃችሁ በእጅ ስጪልኝ። እኔ ዘይነባን ጠመኔ አምጪ ብዬ እልካታለሁ፣ ያን ጊዜ ለክፍሉ ይነግራል። ሰማሽኝ?»

«እሺ መምህር» አልኩ።

ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም። ማጉያውን በአንድ እጄ፣ ደብተሩን በሌላው መያዝ ነበረብኝና ወረቀቷን ደብተሩ ውስጥ አስገባኋት።

ጉም ነበር። የጠፋ በሬ ዜና አነበብኩ፣ የችግኝ ተከላ አነበብኩ፤ ሳልለማመድ፣ እንደ ውሃ። ገጹን ገለጥኩ፣ ታጥፋ የነበረችው ወረቀት ተዘርግታ ነበርና ከፊቴ የመጣውን አነበብኩ። «የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ፣ ነገ ቅዳሜ ንጋት ላይ የተማሪ ዘይነባ እናት መርዶ ስለሚነገር፣ ወንዶች እንጨት፣ ሴቶች ውሃ…» ውሃ የሚለው ላይ ልቤ ምላሴን ደረሰበት። ቆምኩ። መቆሜ ባሰ።

ጩኸት አልነበረም፤ ያ ነው የገደላት። ዘይነባ ወደ ግራ ዞራ አየች፣ ወደ ቀኝ ዞራ አየች፣ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየች፣ የደነገጠ እንጂ የተገረመ ፊት አጣች። ቢንጫጩ ኖሮ ስሕተት ነው ብላ ልታስብ ትችል ነበር። ከሰልፉ ወጥታ በጉሙ ውስጥ ወደ እኔ መጣች፣ ፊቴ ቆመች።

«ደብዳቤውን ስትጽፊ ታውቂ ነበር?»

ደብተሩን ዘጋሁት።

«እግሬን ስትለኪኝ?»

የማጉያውን ቁልፍ ጣቴ አልለቀቀውም ነበርና ጥያቄዋ በደከመ ባትሪ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ በሜዳው ሁሉ ላይ ተሰማ። አጥሩ ጋ የነበሩት ሴቶች እንስራቸውን ጥለው ሲሮጡ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ልቅሶው ነው፤ ያውም ያለ አጎት፣ ያለ ንጋት፣ የሚይዛት ሰው ሳይዘጋጅ።

ርእሰ መምህሩ ወደ ቢሮ አስጠሩን። መምህር ይመር ቆመው ነበር፣ እኔ ፊታቸው። ርእሰ መምህሩ ጮኹ፣ ወረቀቱ ደብተር ውስጥ ምን ይሠራል አሉ። መምህር ይመር ወደ እኔ ዝቅ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ በእውነት ለማወቅ በሚፈልግ ሰው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አትነበብም ብዬሽ አልነበረም?»

«አላሉኝም» አልኩ።

ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ ዞረው «ይቺ ልጅ አትዋሽም። እንግዲያ እኔ ነኝ ረስቼ» አሉ። ሲናገሩት አመኑት። ከተናገርኩት ውሸት ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ በዓይኔ ፊት አንድ ሰው የገዛ ትዝታውን ጥሎ የእኔን ቃል ሲያነሣ አየሁ።

ቅዳሜ ለት ውሃ በጄሪካን አዝዬ ወደ ሰዓዳ ቤት ስወርድ መምህር ይመር ከፊቴ ነበሩ። ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመዋል፣ በአገሩ ሥርዓት። በተማሪው ሁሉ መካከል አልፈው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩና «አፉ በሉኝ» አሉ። የቅሬው ዳኛ ድንጋዩን አነሡላቸው፣ ሽማግሌዎቹ አፉ አሉ። ዘይነባ ግን ውስጥ ነበረች፣ አልወጣችም። እኔም እዚያ ቆሜ ጄሪካኑን እንኳ አላወረድኩም።

ከዚያ በኋላ መምህር ይመር ሌላ ሰው ሆኑ። የቤት ሥራ ሰጥተው ከወጡ በኋላ ተመልሰው በበሩ ብቅ ይሉና «ነግሬያችኋለሁ ወይ?» ይላሉ። ነግረውናል እንላለን። ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። ልጆቹ ይህን እየደጋገሙ ሲያሾፉ፣ ከእኛ በኋላ የመጡትም ስም አድርገው ሲጠሯቸው፣ አራጋው በግሩፑ ላይ እስካሁን እያስመሰለ ሲያስቀን፣ የሳቁ ሥር የት እንደተተከለ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘይነባም ከእኔ ዴስክ ተነሥታ ሌላ ጋ ተቀመጠች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቷን ትታ ሐይቅ ወረደች። እናቷ ወደሄደችበት አገር እሷም ሄዳ ተመልሳ፣ አሁን ልጆቿን እንደምታሳድግ የምሰማው በሰው ነው።

እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ያኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። «ለእግዚአብሔር የነገርሽው መልካም ነው» አሉኝ፣ «ለሰውዬውም ንገሪያቸው፤ እግዚአብሔርማ ድሮም ያውቅ ነበር።» ስግደቱን ጨረስኩ፣ ምጽዋቱን ሰጠሁ፣ ያንን ብቻ አልፈጸምኩም። አንድ ዓመት ለጥቅምት እስጢፋኖስ ስሳለም መናኸሪያው ጋ አገኘኋቸው፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ሽበት ውጧቸዋል፤ ትከሻቸውን ሳምኩ። «አንቺ እውነተኛ ልጅ፣ እግዜር ይባርክሽ» አሉኝ። በዚህ ቃል ላይ እንዴት ብዬ ልናገር? ሚኒባሱ ሊሄድ ነው አልኳቸው። ሊሄድ አልነበረም፣ ገና ሁለት ወንበር ባዶ ነበር።

አሁን የእሳቸው ጆሮ የለም። የሄደብኝ ብዙ ነው፤ ጉሙና ሜዳው፣ ዘጠኝ ቀን አፉን የዘጋ የልጅ መንጋ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ያመነችኝ ጓደኛ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የእኔ አይደለም፣ የእሳቸው ነው። አንድ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ያለውን እምነት ወስጄ ዕድሜ ልኩን ሳልመልስለት ቀረሁ፣ እሱም ሲሞት የእኔን ዕዳ ይቅርታ ለምኖ ከፈለ። ዘይነባዬ፣ አፉ ያልሽው ላልበደለሽ ሰው ነው። የኔን ገና አልጠየቅሁሽም፤ በዚህ ጽሑፍም አልጠይቅሽም፣ ለአርባቸው መጥቼ ፊት ለፊት እጠይቅሻለሁ፣ እምቢ ብትዪም መብትሽ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ሌላ ሰው ስለምፈልግ ነው። ያን አርብ ጧት፣ መምህር ይመር ወረቀቷን በእጄ ሲያኖሩ፣ ሁለት ልጆች ቢሮውን ይጠርጉ ነበር። ክፍላችሁን አላስታውስም፣ ስማችሁን አላስታውስም፤ አንዳችሁ መጥረጊያውን አቁሞ እንዳዳመጠ ግን አስታውሳለሁ፤ በኋላም በመስኮቱ በኩል፣ «አላሉኝም» ስል፣ ያው ፊት ሲያየኝ አይቻለሁ። ለእኔ አዝናችሁ ይሁን ፈርታችሁ አላውቅም፣ ዝም አላችሁ። እኔ ብቻዬን ብናገር ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ለሟች ስም ብላ ነው፣ ድሮም ደግ ልጅ ነበረች ይሉኛል፤ ያ ደግነቴ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። እባካችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ሐይቅም ሁኑ ሌላ አገር፣ እኔን አትሸፋፍኑኝ። ሂዱና ለልጆቻቸው የሰማችሁትን ንገሩልኝ፤ አባታችሁ አልረሱም፣ ነግረዋት ነበር በሉልኝ።